በጀልባው ጣሪያ ላይ ያንኳኳሁት

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ካየሁሽ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ናፍቆትሽ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ቀን ሲሯሯጡ ይረሱታል፣ ጋደም ሲሉ ይነሣል። ባልሽስ ደህና ነው? ሁለቱ ጉዶችሽስ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው በስልክ ስታወሪ ከወንበር ስትነሺ "እህህ" ስትይ ሰምቼሻለሁ። ገና በሠላሳ አራት ዓመትሽ እንደ እማዬ ማቃሰት ከጀመርሽ፣ በእሷ ዕድሜ ምን ልትዪ ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን አንድ ቀን አሟት አያውቅም። እኔ በቁመት አልፌያታለሁ፤ ስትቆጣኝ ወደ ላይ አንጋጣ ስለሆነ ቁጣው ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። አባባም ደህና ነው እንዳልልሽ፣ የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስሽ ማን ሞተ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ማንም አልሞተም። ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ትፈጃለች እንዳትዪም የቤታችንን ስልክ ታውቂዋለሽ። እማዬ ድምፁን እስከ ጥግ ለቃ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አንቺ ስትናገሪ ከበላያችን ያለችው ጎረቤት በመስኮት "እውነቷን ነው!" ብላ ትመልስልሻለች። ይኼ ነገር ደግሞ በዚያ ስልክ የሚነገር አይደለም።

ባለፈው እሁድ አባባን እንዴት እንደተቆጣሽው ታስታውሻለሽ? "ዕድሜ ልክህን መሪ ይዘህ ኖረህ፣ በስተርጅና በሰው ነፍስ ላይ ታሸልባለህ?" አልሽው። እሱም "ልክ ነሽ ልጄ፣ ልክ ነሽ" አለሽ። እኔ አጠገቡ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። እትዬ፣ አባባ አላሸለበም። እሱን አሳስቼ የሰው ጣት ያሰበርኩት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልንገርሽ። አባባ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው። ጋሼ ቲኬትን ታውቂያቸዋለሽ፤ በአባባ አውቶቡስ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቲኬት የቆረጡት፣ ዛሬም ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የተቀመጠውን ሰው የሚቆጥሩት። ሌላው ጋሼ ብሎን ናቸው፤ የጋራዡ መካኒክ፣ ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚደርሰው፣ ኪሳቸው ብሎን አጥቶ የማያውቀው። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እነሱም "ተርቧ" ብለውኛል፣ ተቻችለን እንኖራለን። ጠዋት ጠዋት ሦስቱም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው የወጣውን የገባውን አውቶቡስ ሲያሙ ይውላሉ። "ይኼ ልጅ ፍሬን ነው የያዘው ወይስ ጠላቱን?" ይላሉ።

አንድ ቀን ጋሼ ብሎን ጀልባ ተከራይተን በቦዩ ላይ አራት ቀን እንንሸራሸር የሚል ሐሳብ አመጡ። ቦዩ በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ መንገድ ነው። ጀልባዎቹ ረጃጅምና ጠባብ ናቸው፤ ውስጣቸው አልጋና ምድጃ አላቸው፣ ፍጥነታቸው ደግሞ እማዬ ገበያ ስትሄድ ከምትራመደው አይበልጥም። እማዬ "እኔ ዓሣ አይደለሁም" ብላ ቀረችና እኔን ላከችኝ፤ እንዳበስልላቸውም፣ እሷም ከአፌ አራት ቀን እንድታርፍ። ጓደኞቼ ሁሉ በየፊናቸው ሲዝናኑ እኔ ከሦስት ሽማግሌ፣ ከአራት ዓይነት መድኃኒትና ከአንድ የወገብ ቀበቶ ጋር ተሳፈርኩ።

ሾፌሩ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም። አባባ ነዋ! የጀልባው ባለቤት ግማሽ ሰዓት አስተማረውና ሄደ። የጀልባ መሪ እንደ መኪና አይደለም፤ ከኋላ ያለ ዘንግ ነው፣ ወደ ቀኝ ስትገፊው ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደሚሄድበት የጠመዘዘ ሰው ይኼን እንዴት ይልመደው? የመጀመሪያውን ቀን ዳርቻውን ሁለቴ ገጨን፣ ዳክዬዎቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ተሰደዱ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ከዳር ሆኖ እጁን ያውለበለበ ሰው ሁሉ ለአባባ ተሳፋሪ ነው፤ ፍጥነቱን ይቀንስለታል። ይኼኔ ጋሼ ቲኬት ከውስጥ ብቅ ብለው "ሙሉ ነው! ሙሉ ነው! ንዳው!" ይላሉ። በሳቅ ሆዴ ታመመ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ጓደኞቹ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ አባባ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ዳርቻውን የገጨነው በመሪው ምክንያት አይደለም አለኝ። ዓይኑ ነው። "የፊት መስታወት ላይ ቅባት የነካ እጅ ቢያርፍበት እንዴት ይሆናል? እንደዚያ ነው። ጎን ጎኑ ጥርት ያለ ነው። ልክ የማይበት ቦታ ላይ ግን ጉም አለ" አለኝ። ከጀመረው ስምንት ወር ሆኖታል። ሐኪም ጋ አልሄደም፣ ለእማዬም አልነገራትም። ለጓደኞችህ ለምን አትነግራቸውም ብዬ ስጠይቀው፣ "እነዚህ ሠላሳ ዓመት እኔን አምነው የተኙ ሰዎች ናቸው። እጄን ይዘው እንዲመሩኝ አልፈልግም" አለ። መሪውን ለሌላ ስጠው እንዳልለው ፊቱን አየሁት። እትዬ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበር።

ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። ድሮ አውቶቡሱ ውስጥ ረዳቱ የመኪናውን አካል ሲያንኳኳ ሾፌሩ የኋላውን ሳያይ እንደሚነዳ ታውቂያለሽ። አንድ ቁም፣ ሁለት ሂድ። አሁን ደግሞ እኔ የጀልባው ጣሪያ ላይ ከፊት ተቀምጬ እንዳንኳኳለት፤ አንድ ግራ፣ ሁለት ቀኝ፣ ደጋግሜ ከደበደብኩ ቁም። ሽማግሌዎቹ እንዳይጠረጥሩ የሙዚቃ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ምንም አይዘፍንም። እነሱ ግን "ይቺ ልጅ ከበሮ መምታት ጀመረች፣ ጆሮዋ ሳይደነቁር አይቀርም" እያሉ ያዝኑልኛል።

ያን ቀን አባባን ብታዪው! ቦዩ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ የውሃ በር የሚባል አለ። ጀልባው በሁለት በሮች መካከል ይገባል፣ ውሃው ሲሞላ ከፍ ይላል። በግራም በቀኝም ከግንቡ የሚተርፈው አንድ ክንድ አይሞላም። እኔ አንኳኳሁ፣ አባባ ነዳ፣ ግንቡን ሳንነካ ሰተት ብለን ገባን። የበሩ ጠባቂ ስንት ዓመት በውሃ ላይ እንደሠራ ጠየቀው። አባባ "ትናንት ነው የጀመርኩት" አለና ሲስቅ የብር ጥርሱ ሳይቀር ታየ። ጋሼ ብሎን "የሾፌር ዘር!" ብለው ጀርባውን መቱት። እኔም ከጣሪያው ላይ ሆኜ፣ ሦስት ሽማግሌ የምነዳው እኔ መሆኔን ማንም አያውቅም እያልኩ ልቤ አበጠ። ከዚያ ወዲህ ነው የተበላሸሁት።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ጋሼ ብሎን እንቁላሉን በሹካ አንሥተው ብርሃን ላይ አገላብጠው አዩትና፣ "ይኼ እንቁላል ነው ወይስ የጎማ ልጥፍ? ትርፍ ካለሽ ለጋራዡ እወስደዋለሁ" አሉ። ሁሉም ሳቁ። አባባም ሳቀ። ሰው ላይ መሳቅ እንጂ ሲሳቅብኝ አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ትበቀላለች እንጂ አትለቅም እንዲሉኝ አደርጋለሁ ብዬ ዛትኩ። የማጠቃበት ነገር ሩቅ አልነበረም። ለጉዞው ብለው የገዙት ሪባን ያለው የገለባ ባርኔጣ ነበራቸው፤ በሰዓት አንዴ በመስኮቱ መስታወት እያዩ የሚያስተካክሉት።

ረፋዱ ላይ ከፊታችን ቦዩ ወደ ግራ ይታጠፋል። በቀኝ ዳርቻ አንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎቹን ውሃው ላይ አንጠልጥሏል። ጋሼ ብሎን በቀኝ በኩል ባለችው ጠባብ መረማመጃ ላይ ቆመው ነፋስ ይቀበላሉ፣ ባርኔጣቸው እንደ ዘውድ ተቀምጧል። ማንኳኳት የነበረብኝ አንዴ ነው። ሁለቴ አንኳኳሁ። ያሰብኩት ቅርንጫፉ ባርኔጣውን እንዲነጥቃቸው ብቻ ነበር፤ ወዲያው ወደ ግራ ልመልሰው።

አባባ ለአፍታ ዘገየ። ዘወር ብዬ አይቼዋለሁ። ከዚያ መሪውን ገፋው።

ባርኔጣው ሄደ። ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ከቅርንጫፎቹ ሥር የተደበቀ የድሮ መቆሚያ የሲሚንቶ ጠርዝ አየሁ። ጣሪያውን ደጋግሜ ደበደብኩ፤ ግን ጀልባ ፍሬን የለውም። ጋሼ ብሎን ደግሞ የመካኒክ ነገር ሆኖባቸው፣ ጋራዥ ውስጥ የተንሸራተተ መኪና በእጃቸው ደግፈው እንደሚያቆሙት፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጀልባውን ከጠርዙ ሊከላከሉት ሞከሩ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ክብደት የሌለው ይመስላል እኮ። ድምፃቸውን አልነግርሽም። ሁለት ጣታቸው ተሰበረ። በኋላ ሐኪሙ አጥንቱ ይገጥማል፣ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው ላይታጠፉ ይችላሉ አለ። ሰውየው እስከዚያ ቀን ድረስ የሰፈሩን የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚጠግኑት በዚያ እጅ ነበር።

ጋሼ ቲኬት የተጎዳውን እጅ በፎጣ እየጠቀለሉ ወደ አባባ ዞረው ምን ሆነህ ነው አሉት። አባባ መሪውን ለቆ ቁጭ ብሎ ነበር። "አሸለበኝ" አለ። "በጠራራ ፀሐይ?" አሉት። "አዎ። ይቅር በሉኝ" አለ። ወደ እኔ አላየም። እኔም፣ ምንም የማይዘፍን ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ እንደሰካሁ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ዝም አልኩ።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ መሪውን ጋሼ ቲኬት ያዙ። ጀልባው እንደ ሰካራም ከዳር ዳር እየተላጋ ሄደ። አባባ ውስጥ ገብቶ ድንች ሲልጥ ዋለ። አንድም ጊዜ እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አድርጉ አላለም። ጋሼ ብሎን ሊያጽናኑት "ጣቴ ነው እንጂ ሆዴ አልተሰበረ፣ አይዞህ" አሉት፤ እሱ ግን አልሳቀም። አራተኛው ቀን ሳይሞላ ጀልባውን መለስን።

ገመዶቹን ስንጠቀልል ጋሼ ቲኬት አጠገቤ መጡ። ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ "ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ሰምቼሻለሁ። ያን ኳኳታ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቀዋል? ለምን እኔን እንዳልጠየቀኝ ገብቶኛል፤ ስለገባኝ ዝም አልኩ" አሉኝ። ገመዱን ጥብቅ አድርገው አሰሩና ደግሞ፣ "እኔና አባትሽ ተኮራርፈን ሦስት ወር ሳንነጋገር የሠራንበት ጊዜ ነበር። ያኔ እንኳ አንድ ቀን በውሸት አንኳኩቼበት አላውቅም" አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ፤ ቁጣ ሲሆን መልስ አላጣም።

ቤት ከገባን በሦስተኛው ቀን አባባ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማ ሲቀባ አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሆን ብዬ ነው ያሳሳትኩህ፣ ለቀልድ ብዬ ነው አልኩት። ብሩሹን ሳያቆም "አውቃለሁ" አለኝ። የዛፉ ጥላ በቀኝ ጉንጩ ላይ ሲመጣ ተሰምቶት ነበር፤ ወደዚያ መሄድ እንደሌለበትም ገብቶት ነበር። ታዲያ ለምን ዞርክ ብዬ ጮህኩበት፤ አስቢው፣ ጥፋተኛዋ እኔ፣ የምጮኸው እኔ! "አንቺ አንኳኳሻ" አለኝ። "ረዳቱን የሚጠራጠር ሾፌር መንገድ አይወጣም።" እትዬ፣ ከዚህ የባሰ ስድብ ሰው ሰድቦኝ አያውቅም፤ እሱ ግን መስደቡ አልነበረም።

ለጋሼ ብሎን ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው ስለው ከለከለኝ። የእኔን ጥፋት ለመናገር የእሱን ዓይን መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ጣሪያ መምታቴ ከጣታቸው ጋር ምን ያገናኘዋል? "አሸለበው ይበሉኝ። ያሸለበ ሰው ይነቃል" አለኝ። ስለዚህ ጋሼ ብሎን ጠዋት ጠዋት እጃቸውን በነጭ ፋሻ ጠቅልለው ወደ አግዳሚው ሲመጡ "እህሳ፣ ዛሬ ነቅተሃል?" ይሉታል። ለቀልድ ነው፤ ክፋት የለባቸውም። አባባም "ነቅቻለሁ" ይላል። ጋሼ ቲኬት ጫማቸውን ያያሉ። እኔ አንድ ጊዜ ዳቦ ይዤላቸው ስሄድ ሰምቼው ዳቦውን አስቀምጬ በሩጫ ተመለስኩ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽና ላብቃ። ትናንት ከአባባ ጋር ከፋርማሲ ስንመለስ ትልቁን መንገድ መሻገር ነበረብን። መኪና ይበዛል፣ መብራቱም ከተበላሸ ሰንብቷል። ግራ ቀኝ አይቼ፣ ነጻ መሆኑን አረጋግጬ "እንሂድ አባባ" አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩለት። "እሺ" አለኝ፣ ግን ቆሞ ቀረ። ሌላ መኪና መጥቶ አለፈ፤ መንገዱ እንደገና ነጻ ሆነ። በኋላ ከጎናችን የቆመች ሁለት ዘንቢል የያዘች የማናውቃት ሴት መንገዱን ስትጀምር፣ የእግሯን ድምፅ ሰምቶ ተከተላት። እኔ ከኋላው ተሻገርኩ። ማዶ ስንደርስ ደግሞ ቅር እንዳይለኝ ብሎ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ።

እትዬ፣ አባባን በስልክ ከእንግዲህ እንዳትቆጪው። እኔን ተቆጪኝ፤ በደብዳቤ ከሆነ ረዘም አድርጊው፣ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ። ሌላው ደግሞ፣ የዓይን ሐኪም ጋ እንዲሄድ አንቺ አድርጊ። ስምንት ወር አልፎታል፤ የሚድን ነገር ይሁን አይሁን እንኳ አናውቅም። እኔ ብነግረው "እሺ" ይላል፤ ለእኔ የሚለው "እሺ" ምን ዓይነት እንደሆነ ትናንት አይቻለሁ። አንቺን ግን ይሰማሻል፤ አንቺ ዋሽተሽው አታውቂም። እንዴት አወቅሽ ቢልሽ እኔ እንደነገርኩሽ ንገሪው። ምሥጢሩን ሳወጣበት ይኼ ሁለተኛ ክህደቴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይኼኛውን ለቀልድ ብዬ አይደለም ያደረግሁት።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ጢሙን ይላጭ፣ በፎቶው ላይ ከእሱ ይልቅ ጢሙ ነው የታየው። ትልቁን ጉድ ግንባሩን ሳሚልኝ፣ የላከልኝ ሥዕል ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ፈረስ ይሁን ጠረጴዛ ግን ይጻፍልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚያት፤ አክስትሽ ጥርስሽ ስንት እንደደረሰ ማወቅ ትፈልጋለች በያት። አማትሽን እጅ ንሽልኝ፤ የላኩልኝን ሹራብ አልረሳሁም፣ እጅጌው ሲያጥርብኝ እንጂ ሲረዝምብኝ አላየሁም በያቸው። እማዬ ትስምሻለች፣ ምን እንደምጽፍ ሳታውቅ "ይልመድሽ" ብላ ብዕር የሰጠችኝ እሷ ናት። ጋሼ ቲኬት ትናንት ሲያገኙኝ ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብለዋል። ጋሼ ብሎን በግራ እጃቸው ሰላም ይሉሻል። የአባባን ሰላምታ አልጨመርኩልሽም። እየጻፍኩልሽ መሆኑን አያውቅም፤ በእሱ ስም ደግሞ ያልነገረኝን ማንኳኳት ከእንግዲህ አልችልም።

ታናሽሽ

አንቺ ትተኚበት ከነበረው አልጋ ላይ ሆኜ፣ በመስኮቱ በኩል
ነሐሴ ፲፱ ቀን፣ ከቀትር በኋላ